ቀበሮው ለምን አልተቀጣም? ስለ ሕንድ የእንስሳት ተረቶች ለአንዲት እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ9 ዓመት ልጄ ማታ ማታ ተረት ካላነበብኩለት አይተኛም። ሰሞኑን የሕንድ የእንስሳት ተረቶች የሚል መጽሐፍ አግኝቼ ጀምረናል። በአንደኛው ተረት ቀበሮ በአንበሳና በበሬ መካከል ነገር እያመላለሰ ወዳጅነታቸውን አፈረሰ፤ አንበሳው በሬውን ገደለ፤ ቀበሮውም ተሾመ። ልጄ ‹ለምን አልተቀጣም?› ሲለኝ መልስ አጣሁ። ጎረቤቴ ዘንድ ያለው መጽሐፍ ግን ያው ቀበሮ ችሎት ቀርቦ እንደተፈረደበት ይናገራል። ትክክለኛው የቱ ነው? ተረቶቹ የቡድሃ ናቸው የሚሉም አሉ። ለመሆኑ ልጅ ከእነዚህ ተረቶች መልካም ሥነ ምግባር ይማራል ወይስ ይቅርብን? በየተረቱ መጨረሻ ‹ከዚህ የምንማረው› ተብሎ የተጻፈውንስ ላንብብለት?»

ምላሽ፦ ሁለቱም መጻሕፍት አልተሳሳቱም። እርስዎ ያነበቡት የሕንዱ ጥንታዊ መጽሐፍ የፓንቻታንትራ ፍጻሜ ነው። በጎረቤትዎ እጅ ያለው ደግሞ ያው መጽሐፍ ወደ ዓረብኛ ከተሻገረ በኋላ ያገኘው ፍጻሜ ነው። በዕድሜ የሚቀድመው ቀበሮው ሳይቀጣ የሚቀርበት ነው። የልጅዎን ጥያቄ ግን እንደ ተራ የልጅ ጥያቄ አይዩት። ከ1,200 ዓመት በፊት በዚያው ጉዳይ ያልረካ አንድ ታላቅ ጸሐፊ አዲስ ምዕራፍ ጽፎ ጨምሯል፤ የጎረቤትዎ መጽሐፍ የሚለየውም በዚያ ምዕራፍ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መታረም ያለበት «የሕንድ የእንስሳት ተረት» ሲባል አንድ ወጥ ነገር አድርጎ ማሰቡ ነው። ቢያንስ ሁለት ወገን አለ፤ ሁለቱ የሚያስተምሩትም ለየቅል ነው። የቡድሃ ተረቶች መባል የሚገባቸው ጃታካ የሚባሉት ናቸው። በፓሊ ቋንቋ የተጠበቀው ስብስባቸው 547 ታሪኮችን ይዟል። ታሪኮቹ ቡድሃ የመጨረሻውን ብርሃን ከማግኘቱ በፊት በቀደሙት ልደቶቹ አንዴ ጥንቸል፣ አንዴ ጦጣ፣ አንዴ ድርጭት፣ አንዴም የንጉሥ አማካሪ ሆኖ የኖረውን ይተርካሉ። ሁሉም እንስሳት ያሉባቸው አይደሉም፤ እንስሳት ያሉባቸው ግን በጣም ታዋቂዎቹ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ሲያልቅ ቡድሃ «የዚያን ዘመኑ ንጉሥ ዛሬ እገሌ ነው፤ ጦጣው እኔ ነበርኩ» ብሎ ይዘጋል። ልግስና፣ ትዕግሥት፣ ለሌላው ራስን መስጠት የሚሰበኩት በእነዚህ ነው። ጥንታዊነታቸውን ድንጋይ ይመሰክራል፦ በማዕከላዊ ሕንድ ባርሁት በተባለ ስፍራ የነበረው የቡድሂስቶች መታሰቢያ የድንጋይ አጥር ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተቀርጸዋል፤ የአንዳንዶቹም ስም አብሮ ተጽፏል።

የቡድሃ ነገር ከተነሣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በራላም ወይዋሴፍ» የተባለው መጽሐፍ ሥሩ የቡድሃ ታሪክ ነው። ክርስቲያኖች ተቀብለው የቅዱሳን ገድል አድርገውታል። ይዋሴፍ የሚለው ስም እንኳ ቦዲሳትቫ፣ ማለት ገና ቡድሃ የሚሆን፣ ከሚለው የሕንድ ቃል የመጣ ነው፤ በዓረብኛ ጽሕፈት የ«በ» ድምፅ አንድ ነጥብ፣ የ«የ» ድምፅ ሁለት ነጥብ ስላለው፣ በአንዲት ነጥብ ምክንያት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆኖ ተነበበ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከአውሬ ሲሸሽ ገደል የገባ ሰው ምሳሌ አለ። ሰውየው ቅርንጫፍ ይዞ ተንጠልጥሏል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች፣ ማለት ቀንና ሌሊት፣ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እሱ ግን ከላይ የሚንጠባጠብ ማር አግኝቶ ይልሳል፣ ሁሉንም ይረሳል። ይኸው ምሳሌ በሕንዱ ታላቅ ግጥም በማሃባራታ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ የሕንድ ምሳሌ ለአገራችን ሰው ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ገዳማቱ ከ450 ዓመት በላይ ሲያነቡት ኖረዋል።

ልጅዎን ያስቆጣው ተረት ግን ከጃታካ ወገን አይደለም። ፓንቻታንትራ ማለት «አምስቱ ክፍሎች» እንደ ማለት ነው፤ በሳንስክሪት፣ በጥንታዊው የሕንድ የሊቃውንት ቋንቋ፣ የተጻፈ ሲሆን ብዙ ሊቃውንት በ300 ዓ.ም. ገደማ ያለውን መልክ እንደያዘ ይገምታሉ። መግቢያው ሁሉን ነገር ይገልጣል። አማራሻክቲ የተባለ ንጉሥ ትምህርት የማይዘልቃቸው ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ቪሽኑ ሻርማ የተባለ የ80 ዓመት አዛውንት ብራህማን፣ ማለት ከሕንድ የካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ ቀርቦ፣ እውቀቱን በጉልት እንደማይሸጥ ከተናገረ በኋላ «በ6 ወር ውስጥ ኒቲን ካላስተማርኳቸው ስሜን ለውጡት» አለ። ከዚያም ልጆቹን ወስዶ በአምስት ረጃጅም ታሪኮች አስተማራቸው፦ ወዳጆችን ስለ መለያየት፣ ወዳጅ ስለ ማፍራት፣ ስለ ቁራዎችና ጉጉቶች ጦርነት፣ ያገኙትን ስለ ማጣት፣ ሳይመረምሩ ስለ ማድረግ።

ኒቲ የሚለውን ቃል ይያዙልኝ። ብዙ ተርጓሚዎች «ግብረ ገብ» ብለው ያልፉታል፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ኒቲ መምራት ከሚል ሥር የወጣ ነው፤ መንግሥትን፣ ቤትን፣ ራስንም የመምራት ብልሃት ማለት ነው። ማንን ልመን? ከጠላት ጋር መቼ ልታረቅ፣ መቼ ልሽሽ? ምሥጢሬን ለማን ላካፍል? ጃታካ ሰው እንዴት ደግ እንደሚሆን ሲያስተምር፣ ፓንቻታንትራ ሰው በተንኮለኞች መካከል ሳይጠፋ እንዴት እንደሚኖር ያስተምራል። ሁለተኛው ትምህርት የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ግን አንድ አይደሉም። ፓንቻታንትራን እንደ ጃታካ የሚያነብ ወላጅ ልክ እርስዎ እንደደረሱበት ያለ ግራ መጋባት ላይ መድረሱ አይቀርም።

አሁን ተረቱን በዚህ ዓይን እንየው። ሳንጂቫካ የተባለ በሬ የአንድ ነጋዴ ጋሪ ሲጎትት ተጎድቶ ጫካ ውስጥ ተተወ። ሣር በልቶ፣ አገግሞ፣ ወፍሮ ማግሳት ጀመረ። የጫካው ንጉሥ አንበሳው ፒንጋላካ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ያንን ድምፅ ሰማ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅምና ፈራ፤ ፍርሃቱን ግን ደበቀ። ካራታካና ዳማናካ የሚባሉ ሁለት ቀበሮዎች ነበሩ፤ አባታቸው ባለሟል የነበረ፣ እነሱ ግን ከሹመት ወርደው ደጅ የሚጠኑ። ዳማናካ የንጉሡን ፍርሃት አየ፤ መግቢያ በርም አገኘ። በሬውን በቃል ኪዳን አምጥቶ ከአንበሳው ጋር አስተዋወቀው፤ ሁለቱም እጅግ ተዋደዱ። አንበሳው ከበሬው ጋር ጨዋታ ይዞ አደን ተወ፤ ከአንበሳው ትራፊ ይኖሩ የነበሩት ሁሉ ተራቡ። ዳማናካ በገዛ እጁ ያመጣው ወዳጅነት ከቤተ መንግሥት እንዳስወጣው ሲያይ ሊያፈርሰው ተነሣ።

ያፈረሰበትን መንገድ ልብ ይበሉ፤ የመጽሐፉ ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ለአንበሳው «በሬው ሊገድልህ አስቧል፤ ሲመጣ ቀንዱን አቀርቅሮ፣ ዙሪያውን እየቃኘ ከቀረበ እውነት መሆኑን እወቅ» አለው። ለበሬው ደግሞ «ንጉሡ ሊበላህ ወስኗል፤ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን አቅልቶ ካየኸው ተጠንቀቅ» አለው። በሬው ሠግቶ ገባ፤ ሥጋቱ በሰውነቱ ላይ ታየ፤ አንበሳው የተነገረውን ምልክት አየ። አንበሳው ተቆጣ፤ በሬውም የተነገረውን ምልክት አየ። ሁለቱም ከውሸቱ ላይ የገዛ ዓይናቸውን ምስክርነት ጨመሩበት። አንበሳው በሬውን ገድሎ ደም በተቀባ መዳፉ ቆሞ ሲያዝን፣ ዳማናካ «ንጉሥ ለጠላቱ አያለቅስም» ብሎ አጽናናው፤ ተሾመም። ሐሜት ሰውን እንዴት እንደሚገድል ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየ የተረት ገጽ እኔ አላነበብኩም።

ስለዚህ ለልጅዎ የሚሰጡት መልስ ይህ ነው፦ ቀበሮው ያልተቀጣው የሚቀጣው ንጉሥ ራሱ ስለተታለለ ነው። ታሪኩ የተነገረው ነገ ሊነግሡ ላሉ ልጆች ነው፤ እንዲፈሩት የተፈለገውም ቀበሮ መሆንን ብቻ አልነበረም፤ አንበሳ መሆንንም ነው። አንበሳው ማድረግ የሚገባው አንድ ቀላል ነገር ነበር፦ በሬውን ጠርቶ «እንዲህ ተባልክ፤ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ። አልጠየቀም። የ9 ዓመት ልጅ ይህንን በሚገባ ይረዳዋል፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «እገሌ እንዲህ አለህ» ተብሎ ከጓደኛው ጋር ያልተጣላ ልጅ የለም።

አንድ ነገር ጨምረው ያሳዩት። መጽሐፉ ለተንኮሉ አላጨበጨበም። ሁለተኛው ቀበሮ ካራታካ ወንድሙን አጥብቆ ይወቅሰዋል፤ በወቀሳውም መካከል የሁለት ነጋዴዎችን ታሪክ ይነግረዋል። አንዱ ዳርማቡዲ፣ ልበ ቅን፣ ሌላው ፓፓቡዲ፣ ልበ ክፉ ነው። ክፉው አብረው የቀበሩትን ገንዘብ ሰርቆ ቅኑን ይከሳል፤ «ዛፉ ይመስክር» ብሎም አባቱን በዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ይደብቃል። ቅኑ ሰው በዛፉ ላይ እሳት ሲለኩስ አባትየው እየጮኸ ወጣ፤ ክፉው ተጋለጠ፤ ተቀጣም። ቅጣት የሚፈልግ ልጅ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘዋል። ብዙ የልጆች ዝግጅቶች ግን ካራታካን ከነወቀሳው ቆርጠው ይጥሉታል፤ ተረቱ ጨካኝ ሆኖ የሚቀረው በዚያ ምክንያት ነው። የእርስዎ መጽሐፍ ወቀሳውን ካልያዘ በራስዎ ቃል ይንገሩት።

ወደ ጎረቤትዎ መጽሐፍ ልመለስ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የፋርሱ ንጉሥ ኹስሮ አኑሺርዋን ሐኪም የነበረው ቡርዞዬ መጽሐፉን ወደ ፋርስ ቋንቋ መለሰው። ከዚያ በ750 ገደማ ኢብን አል ሙቀፋዕ የተባለ፣ በትውልዱ ፋርሳዊ የሆነ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ወደ ዓረብኛ አመጣው። ካራታካና ዳማናካ ከሊላና ዲምና ሆኑ፤ የመጽሐፉም ስም «ከሊላ ወዲምና» ሆነ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ዲምና በችሎት የሚቀርብበት ምዕራፍ የተጨመረው በእርሱ እጅ ነው። አንድ ነብር የቀበሮዎቹን ጭውውት በድብቅ ሰምቶ ለአንበሳው እናት ይነግራታል፤ ዲምና ይታሰራል፤ በሚያስደንቅ አንደበት ራሱን ይከላከላል፤ በመጨረሻ በምስክር ተረትቶ ይሞታል። ኢብን አል ሙቀፋዕ ነገረ ሠሪና ባለሥልጣን የተገናኙበትን አዳራሽ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ ራሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባስራ በግፍ ተገደለ። ያ ምዕራፍ ፍትሕ እንዲኖር የናፈቀ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ዓለም ያነበበውም በአብዛኛው የእርሱን ነው፦ ወደ ግሪክኛ፣ ወደ ዕብራይስጥ፣ በ1251 ወደ ስፓንኛ፣ ከዕብራይስጡ ወደ ላቲን፣ በ1483 በጀርመንኛ ታተመ፣ በ1570 ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ።

በእጅዎ ያለው መጽሐፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አዛውንቱ ቪሽኑ ሻርማና ሦስቱ የንጉሥ ልጆች ካሉ ከሳንስክሪቱ የመጣ ነው። ንጉሥ ደብሸሊምና ፈላስፋው ቢድባ ወይም ቢድፓይ ካሉ በዓረብኛው በኩል ያለፈ ነው። «ብራህማዳታ በባራናሲ ነግሦ ሳለ» እያለ የሚጀምር ከሆነ ጃታካ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለበት፣ አዘጋጁ ከየቦታው ለቃቅሞ የሰፋው ነው። እንዲህ ያለው ለመዝናኛ ይሆናል፤ «የሕንድ ትምህርት ይህ ነው» ብሎ ለመናገር ግን አይበቃም። ሂቶፓዴሻ የሚል ስም ካዩ ደግሞ በቤንጋል ናራያና የተባለ ሰው በአብዛኛው ከፓንቻታንትራ ቀድቶ በአራት ክፍል ያቀናጀው ነው፤ እሱም ጥሩ መጽሐፍ ነው።

«ከዚህ የምንማረው» የሚለውን መስመር አያንብቡለት። ይህንን የምለው በጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም ጥንታዊው መጽሐፍ ራሱ ምክር የሌለበት አይደለም፤ በግጥም ምክር የተሞላ ነው። ነገር ግን ምክሩ የሚመጣው በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ነው። አንዱ ግጥም ይጠቅሳል፤ ሌላው «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ተረቱ ይጀመራል። ተረቱ ውስጥ ያለው እንስሳ ደግሞ ሌላ ተረት ይናገራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተረት ተናጋሪ አለው፤ ሰሚም አለው፤ የተነገረበት ጉዳይም አለው። እነዚህን ሦስቱን ካወጡ በኋላ ከሥሩ የሚለጠፈው መስመር የአሳታሚው ሐሳብ ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ኤሊዋ በሁለት ዝይዎች መካከል በተያዘ እንጨት በአፏ ተንጠልጥላ ስትበር፣ ልናገር ብላ አፏን ከፍታ ወድቃ የሞተችበትን ተረት ሁሉም ያውቀዋል። በጃታካው፣ ተራ ቁጥር 215 ላይ፣ የወደቀችው በንጉሥ ግቢ ውስጥ ነው። ንጉሡ ወሬ የሚያበዛ፣ ለማንም ተራ የማይሰጥ ሰው ነበር። አማካሪው አጋጣሚውን ተጠቅሞ «አፉን መግታት ያልቻለ መጨረሻው ይህ ነው» አለው፤ ንጉሡም ከዚያ በኋላ ንግግሩን ቆጠበ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደምንለው ነው። በፓንቻታንትራ ግን ያው ተረት ለባሏ የምትናገር የአንዲት ወፍ ነው፤ የምትነግረውም የሚወዱትን ሰዎች ምክር ያልሰማ እንደሚጠፋ ለማስጠንቀቅ ነው። እንስሳቱ ያው፣ እንጨቱ ያው፣ ውድቀቱ ያው፤ ትምህርቱ ግን ሌላ። የትኛውን ነው ከሥሩ የሚጽፉት?

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። ውሾች ሲያባርሩት በቀለም ነካሪ ጋን ውስጥ ወድቆ ሰማያዊ የሆነው ቀበሮ፣ «አምላክ ንጉሥ አድርጎ ላከኝ» ብሎ በአውሬዎች ላይ ነገሠ፤ ቀበሮዎችን ሁሉ አባረረ፤ በመጨረሻ የወገኖቹን ጩኸት ሲሰማ ሳያስበው አብሮ ጮኸና ተጋልጦ ሞተ። ብዙ የልጆች መጻሕፍት ከሥሩ «ውሸት አይጠቅምም» ብለው ይጽፋሉ። ፑርናባድራ የተባለ የጃይን፣ ማለት የአንድ ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት፣ መነኩሴ በ1199 ባዘጋጀው ቅጂ ግን ይህንን ተረት የሚናገረው ያው ነገረ ሠሪው ዳማናካ ነው፤ የሚናገረውም ለአንበሳው ነው። «የራሱን ሰዎች ትቶ ባዕድ ያቀረበ እንዲህ ይጠፋል» ይለዋል፤ ባዕዱ በሬው ነው፣ የራሱ ሰዎች ደግሞ ቀበሮዎቹ። ተረቱ በዚያ ቦታ የመግደያ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ልጅዎ ሊማር የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ የሚያምር ተረት ሲነገረው «ይህንን የሚነግረኝ ማን ነው? አሁን የነገረኝ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። ይህንን ልማድ የያዘ ልጅ አድጎ ሬዲዮ ሲሰማም፣ ስብሰባ ላይ ሲቀመጥም ይጠቅመዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ፤ ሳልደብቅ ልናገር። እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት በጥንታዊ የወንዶች ቤተ መንግሥት ዓለም ነው፤ ስለ ሴቶች የሚናገሩት በብዙ ቦታ ክፉ ነው። በጦጣውና በአዞው ታሪክ የጦጣውን ልብ ካልበላሁ የምትለው የአዞው ሚስት ናት፤ ከዚያም አልፈው «ሴት አትታመንም» የሚሉ ግጥሞች ይከተላሉ። ግጥሞቹን ይዝለሉ፤ ታሪኩን አይዝለሉ። እንዲሁም መናኙ ወደ ልጃገረድ የለወጣት አይጥ ፀሐይን፣ ደመናን፣ ነፋስን፣ ተራራን ንቃ መልሳ አይጥ ስታገባ፣ ትምህርቱ ተፈጥሮ አይለወጥም የሚል ነው። የሰው ማዕረግ በልደቱ የተወሰነ ነው ብሎ የሚያምን ኅብረተሰብ ያፈራው ሐሳብ ነው፤ ልጅዎ እንደ እውነት እንዲይዘው አያድርጉ፤ «አንተ ትስማማለህ?» ብለው ይጠይቁት። ታማኟ እንስሳ የምትገደልበትን ታሪክም ለጊዜው ያቆዩት። ሸለምጥማጥ የምትመስል እባብ ገዳይ እንስሳ ሕፃኑን ከእባብ ታድናለች፤ አፏ ደም ሆኖ ሲያዩዋት ሕፃኑን የበላች መስሏቸው ይገድሏታል። «ሳይመረምሩ ማድረግ» የሚለውን ክፍል ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ የለም፤ ግን ከመኝታ በፊት የሚነበብ አይደለም።

የትርጉም ነገርም አለ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሕንዱን ዓለም በአውሮፓ ልብስ ያለብሱታል፤ የእኛ ቋንቋ ግን አንዳንድ ቦታ ይበልጥ ይቀርበዋል። ምኞቱ ጣራ የነካውን ድሀ ብራህማን ታሪክ ያስታውሱ ይሆናል፦ ማሰሮውን ከአልጋው በላይ ሰቅሎ፣ ረሃብ ሲመጣ ሸጬ ፍየል እገዛለሁ፣ ፍየሏ ትረባለች፣ ላም እገዛለሁ፣ ቤት እሠራለሁ፣ አገባለሁ፣ ልጅ እወልዳለሁ እያለ በሐሳቡ ሲሄድ፣ እግሩን አወናጭፎ ማሰሮውን ሰበረው። ፈረንሳዮች ይህንን ከ1678 ጀምሮ ወተት ተሸክማ በምትሄድ ሴት ታሪክ ያውቁታል፤ በዓረብኛው ማርና ቅቤ ነው። በሳንስክሪቱ በማሰሮው ውስጥ የነበረው ሳክቱ ነው፣ ማለት የተቆላ እህል ዱቄት። እኛ በሶ የምንለው። ሰውየው በበሶ ተነክሮ ነጭ ሆነ ሲሉት ልጅዎ ወዲያው ያየዋል፤ «ገንፎ» ወይም «ወተት» የሚል ትርጉም ካጋጠመዎት በሶ ብለው ያንብቡት።

አሁን ምክሬን ልናገር። ተረቶቹን አይተዉ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይለውጡ። የአንበሳውንና የበሬውን ታሪክ ልጅዎ አንዴ ሰምቶታልና ከላይ ባልኩት መንገድ ጨርሱት፤ ከነሙሉ ጥልፍልፉ ግን 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላው እንደገና ያንብቡለት። ፍጻሜውን አይለውጡ። ቀበሮው ተቀጣ ብሎ መዋሸት ልጁ በትክክል ያየውን ነገር እንዳላየ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። የጎረቤትዎን መጽሐፍ ተውሰው የችሎቱን ምዕራፍ ያንብቡለትና «አንድ ሌላ ሰውም እንዳንተ ተናዶ ይህንን ጻፈ» ይበሉት። ከሁለቱ ፍጻሜዎች የቱን እንደሚመርጥና ለምን እንደሚመርጥ ራሱ ይናገር።

ለዛሬ ማታ ግን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወዳጅ ስለ ማፍራት ወደሚናገረው ይሂዱ። ለዚህ ዕድሜ ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። እርግቦች በአዳኝ መረብ ተያዙ፤ ንጉሣቸው ቺትራግሪቫ «በአንድነት ተነሡ» አላቸውና መረቡን ይዘው በረሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎ ያደገ ልጅ ይህንን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ቀጥለው ወደ አይጡ ሂራንያካ፣ 100 መውጫ ወዳለው ጎሬ ሄዱ። አይጡ የወዳጁን የንጉሡን እግር ሊፈታ ሲል ንጉሡ «መጀመሪያ የእነርሱን» አለ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከዚሁ ጋር የጃታካውን 33ኛ ታሪክ አብረው ያንብቡ፦ እዚያ ድርጭቶች በተመሳሳይ መንገድ መረብ ይዘው ይበራሉ፣ አንድ ቀን ግን «የምሸከመው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ይጣላሉ፤ አዳኙም ለቅሞ ይወስዳቸዋል። ልዩነቱን ልጁ ራሱ ያገኘዋል።

ሲያነቡ እንደ ጥንቱ ያድርጉ። የምክሩን ግጥም ወይም ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቀድመው ይናገሩና ልጁ «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስለምዱት። «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» እያለ ለሚመልስ ልጅ ይህ አይከብድም። የሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሲደርሱ፣ አይጡ፣ ቁራው፣ ኤሊውና አጋዘኑ ወዳጆች ሆነዋል፤ አንድ አዳኝም ኤሊውን ከቀስቱ ጋር አስሮ እየሄደ ነው። አጋዘኑ በውኃው ዳር እንደሞተ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ቁራውም ዓይኑን የሚቆነጥር መስሎ ከራሱ ላይ ቆሟል፤ አይጡ ከኋላ ይከተላል። አዳኙ አጋዘኑን አይቶ ኤሊውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ይዝጉና ቀጥሎ የሚሆነውን እሱ ይንገርዎት።